አያቴ ሳጥን ውስጥ ቀይ ክብ ጨርቅ አገኘን፤ ስለ ቃኘው (ኮሪያ ስለዘመተው የእኛ ጦር) የምታውቁ አግዙኝ

የየካዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ነው፣ ታገሡኝ።

ወንድ አያቴ ካረፉ 11 ዓመት ሆናቸው። ባለፈው ሳምንት ቤቱ ሊታደስ ስለሆነ የሴት አያቴን ዕቃ ስናወጣ፣ ከአልጋው ሥር ከነበረው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አገኘን። የኮሪያ ዘማች እንደነበሩ እናውቃለን። የምናውቀው ግን እሱን ብቻ ነው! መኮንን አልነበሩም፣ ተራ ወታደር ነበሩ። እኛ ልጆች ሆነን ስንጠይቃቸው «ሄድን፣ መጣን» ይሉና ወሬ ይለውጣሉ።

ያገኘነው ይሄ ነው። አንድ፣ የነሐስ ሜዳይ። ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር ነው። ከላይ ባለችው ዘንግ ላይ በአማርኛ «ኮርያ» ይላል። በአማርኛ መሆኑ ገርሞኛል። ሁለት፣ ቀይ ክብ ጨርቅ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘን ጫፍ ለጫፍ የገጠሙበት። ሦስት፣ አንድ ፎቶ። አያቴ ወፍራም ካፖርት ለብሰው ቆመዋል። አጠገባቸው አንድ ኮሪያዊ ትንሽ ልጅ አለ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ወደ መሬት አድርገዋል። የፎቶውን የታችኛውን ግማሽ እርጥበት በልቶታል፣ ከወገብ በታች ምንም አይታይም። ጀርባው ላይ በራሳቸው እጅ «ጥር 1945 ኮርያ፣ ለእናቴ» ተብሎ ተጽፏል።

ጨርቁ ምንድን ነው? ስንተኛው ቃኘው ጋር ነው የሄዱት? ምን ሠሩ? ይሄን የማውቅበት መንገድ አለ ወይ?

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ልጨምር፣ ምናልባት ይጠቅሙ ይሆናል። እኛ ልጆቹ ለትምህርት ስንዘገይ «ፓሊ ፓሊ!» ይሉን ነበር። ሌላው ደግሞ መንዝ፣ የተወለዱበት አገር ስንሄድ ሽማግሌዎቹ «አባ በረዶ» ነው የሚሏቸው። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። አያቴ ራሳቸው ሲጠሩበት ደስ አይላቸውም ነበር።

መዝገብ ፈላጊ

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ጨርቁን በደንብ ገልጸሽዋል፣ ፎቶ ባትለጥፊም አውቄዋለሁ። የአሸዋ ሰዓት ነው። የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር የትከሻ ምልክት ነው። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲደርስ በዚያ ክፍለ ጦር ውስጥ ባለው 32ኛ እግረኛ ሬጅመንት ሥር ነው የተመደበው። ስለዚህ የእኛ ሰዎች ያንን ምልክት ትከሻቸው ላይ ይሰፉ ነበር።

ሜዳዩ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው። ጦር ለላኩት አገሮች በየቋንቋቸው ነው የተሠራው፣ ለእኛ በአማርኛ። ጀርባውን አንብቢው፣ ጽሑፍ አለው። እባክሽ በአሲድም በሎሚም እንዳታጥቢው! ብዙ ቤተሰብ ሊያስወለውል ብሎ አበላሽቶታል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ።

ዳኒ 22

ቀኑ ግን አልገባኝም። የኮሪያ ጦርነት የጀመረው በ1950 ነው። በ1945 ምን ይሠራሉ? ወይ ፎቶው የሌላ ሰው ነው ወይ ቀኑ በኋላ የተጻፈ ነው።

መዝገብ ፈላጊ

ዳኒ፣ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፉት። ጥር 1945 ማለት በፈረንጅ ከጃንዋሪ 1953 እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ነው። ጦርነቱ በሰኔ 1942 ተጀመረ፣ ተኩስ አቁሙ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ተፈረመ። ስለዚህ ፎቶው ጦርነቱ ሊቆም ስድስት ወር ያህል ሲቀረው የተነሣ ነው። ደብዳቤና ፎቶ ላይ ይሄ አቆጣጠር ብዙ ሰው ያሳስታል። አንድ ቤተሰብ «አባታችን ያኔ አልሄዱም ነበር» ብሎ ሰነድ ሊጥል ሲል አይቻለሁ።

አሁን ስንተኛው ቃኘው እንደሆነ ማውጣት ይቻላል። አንደኛው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሣ፣ በሻለቃው ላይ አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ ነበሩ። የጠቅላላው ዘማች ጦር አዛዥ ደግሞ ያኔ ኮሎኔል የነበሩት ከበደ ገብሬ። ሁለተኛው በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ሥር በ1944 መጋቢት ላይ ደርሶ አንደኛውን ተካ። ሦስተኛው በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ሥር የደረሰው በሚያዝያ 1945 ነው። ጥር 1945 ላይ ኮሪያ የነበረው እንግዲህ ሁለተኛው ነው። አያትሽ የሁለተኛው ቃኘው ናቸው።

ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ፎቶ ሦስት ወር በፊት፣ በጥቅምት 1945፣ 7ኛው ክፍለ ጦር በኩምህዋ ሰሜን «ትሪያንግል ሂል» የተባለውን ኮረብታ ለመያዝ ማጥቃት ጀምሮ ነበር። በአምስት ቀን ያልቃል ተብሎ ታቅዶ ከ40 ቀን በላይ ፈጀ። ቻይኖቹ ሻንጋንሊንግ ይሉታል፣ እስከ ዛሬ በትልቁ ያስቡታል። ቃኘውም እዚያ ነበረ። አያትሽ በየትኛው ሻምበል እንደነበሩ ሳይታወቅ እዚያ ምን እንደሠሩ መናገር አልችልም፣ ግን ያ መከራ አጠገባቸው አልፏል።

የየካዋ ልጅ

እያለቀስኩ ነው የማነበው። በአንድ ቀን ይሄን ሁሉ! ለሴት አያቴ አነበብኩላት። «ጥቅምት ሲሆን ዝም ይል ነበር» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

እታለም ከቨርጂኒያ

የኔ እናት፣ እኔ የዘማች ልጅ ነኝ። አባቴ ከአንደኛው ቃኘው ጋር ነው የሄዱት። ስለ መንገዱ እነግርሻለሁ፣ ምክንያቱም አባቴ ስለ ውጊያው ባያወሩም ስለ መንገዱ ማውራት ይወዱ ነበር።

ከለገሃር በባቡር ነው የተነሡት። እስከ ጅቡቲ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ጅቡቲ ላይ «ጄኔራል ማክሬ» የምትባል የአሜሪካ የወታደር መርከብ ጠበቀቻቸው። አባቴ ባሕር አይተው አያውቁም። አብዛኛዎቹም አላዩም። የተራራ ልጆች ናቸውና! ሦስት ሳምንት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው ፑሳን የደረሱት፣ ሚያዝያ 28። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማንም እህል አልቀመሰም ይሉ ነበር፣ ሁሉም ይታወካል። አንዱ ጓደኛቸው በየማታው «ነገ ምድር ይታያል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሃያ ቀን ሙሉ።

ፑሳን ሲደርሱ ደግሞ የያዙት የለመዱትን ጠመንጃ አይደለም። የአሜሪካን መሣሪያ ተሰጣቸውና እንደ አዲስ ሠለጠኑ። ወደ ግንባር የወጡት ከዚያ በኋላ ነው፣ በክረምቱ። እዚያ ደግሞ ክረምት ማለት ሙቀትና ዝናብ ነው። ብርዱ የመጣው በኋላ ነው። አባቴ «ሽንት ሳይወርድ ይረጋል» ሲሉ እንስቅ ነበር። የጣታቸው ጫፍ ግን እስኪሞቱ ድረስ ይደነዝዛቸው ነበር፣ ቡና ሲቀዱ ሲኒ ይለቁ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ እዚህ ስለምኖር ያሳስበኛል። በዚያን ዘመን እዚህ ደቡቡ ክፍል ጥቁር ከነጭ ጋር አንድ ወንበር አይቀመጥም ነበር። የጥቁር አሜሪካውያን የነበረው 24ኛው ሬጅመንት የፈረሰው አባቴ ኮሪያ ባሉበት ወቅት በ1951 (በፈረንጅ) መጨረሻ አካባቢ ነው። የእኛዎቹ ግን ለአንድም ቀን ዝቅ ብለው አልቆሙም። በራሳቸው መኮንን፣ በራሳቸው ባንዲራ፣ በራሳቸው ቋንቋ ነው የተዋጉት። አባቴ ይሄን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

ጡረተኛው መቶ አለቃ

ልጄ፣ እኔ ለኮሪያ አልደረስኩም፣ ልጅ ነበርኩ። ነገር ግን ክቡር ዘበኛ ስገባ ያሠለጠኑኝ አስር አለቆች የኮሪያ ሰዎች ነበሩ። አያትሽ «ሄድን፣ መጣን» ያሉት ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሰው የኮሪያን ጦርነት ሲያስብ ሰልፍ ሰልፍ ሆኖ ተራራ መውጣት ይመስለዋል። ሁለተኛው ቃኘው በደረሰበት ጊዜ ግን ጦርነቱ ቆሟል፣ ማለት የትም አይንቀሳቀስም። ሁለቱም ወገን ተራራው ላይ ምሽግ ቆፍሮ ተፋጧል። ቀን ቀን መድፍ ነው። ሥራው የሚሠራው ሌሊት ነው። የተራ ወታደር ጦርነት ያ ነው፦ የሌሊት ቅኝት።

ጀንበር ስትጠልቅ ጥቂት ሰው ይመረጣል። የሚንኳኳ ነገር ሁሉ ይታሰራል፣ ኮዳ፣ ቀለበት፣ ማንገቻ። በሽቦው መሐል በምትታወቅ መውጫ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ንግግር የለም። እጅ ብቻ። በሁለቱ ምሽግ መሐል ባለው ሸለቆ ውስጥ ተኝተህ ትጠብቃለህ። ጠላትም እንደ አንተ ሰው ልኳል፣ እሱም ተኝቶ ይጠብቃል። በረዶ ላይ ሆነህ አራት፣ አምስት ሰዓት ሳትንቀሳቀስ። ብትስል ጓደኞችህን ገደልካቸው። አስር አለቃዬ እኛን ሲያሠለጥን ሳል የያዘው ሰው ካለ ልብሱን አፉ ውስጥ እንዲጎርስ ያስተምር ነበር። ከየት እንዳመጣው ያኔ አልገባኝም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያኮራው አንድ ነገር ነው። ከቃኘው አንድም ሰው አልተማረከም። ምርኮኛ ሲለዋወጡ የብዙ አገር ሰው ነበረበት፣ የእኛ ሰው ግን አልነበረም። የቆሰለውን ይሸከማሉ፣ የሞተውንም ይሸከማሉ። «ያለ ጓደኛዬ አልመለስም» የሚባለው ለዘፈን አይደለም፣ ትእዛዝ ነበር። እና ልጄ፣ ይሄን ለማድረግ ስንት ሰው ተመልሶ ወደ ሸለቆው ይገባል? አያትሽ ይሄን ለስድስት ዓመት ልጅ እንዴት ይንገሩሽ?

ዳኒ 22

መቶ አለቃ፣ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። ቀኑንም ስላሳሳትኩ ይቅርታ።

ግን አንድ ነገር ከልቤ ልጠይቅ፣ ማንንም ለማስቀየም አይደለም። ጣሊያን ከወጣ ገና 10 ዓመቱ ነበር። አገሪቱ ድሃ ነበረች። ገበሬው ልጅ ካርታ ላይ እንኳ አይቶ ለማያውቀው አገር ለምን ይሙት? ያንን የወሰነው ቤተ መንግሥት ነው፣ የሞተው ግን የመንዝ ልጅ ነው።

መዝገብ ፈላጊ

ጥያቄህ ተገቢ ነው። የወሰኑት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ግን የወሰኑበትን ምክንያት ከ1928 ለይተህ አታየው። በዚያ ሰኔ ጄኔቫ ሄደው የመንግሥታቱን ማኅበር «ትንሽ አገር ስትወረር ዝም ካላችሁ ነገ የእናንተ ተራ ነው» ዓይነት ክስ ያቀረቡ ሰው ናቸው። ማንም አልደረሰልንም። ከ14 ዓመት በኋላ ሌላ አገር ተወረረች ሲባል እሳቸው «አይመለከተኝም» ቢሉ የጄኔቫው ንግግር ምን ይሆናል? ተዋጊ ጦር ከላኩት 16 አገሮች አንዷ እኛ ነን። ከአፍሪካ እግረኛ የላከች ብቸኛዋ አገርም እኛ ነን፣ ደቡብ አፍሪካ የላከችው የአየር ኃይል ቡድን ነው። እርግጥ ነው፣ መንግሥት የአሜሪካን ወዳጅነትና መሣሪያም ይፈልግ ነበር። አስመራ የነበረው የአሜሪካ የመገናኛ ጣቢያ «ቃኘው ስቴሽን» መባሉ በአጋጣሚ አይደለም። ሁለቱም እውነት ነው።

ስሙ ራሱ ቃኘው ከየት እንደመጣ የማያውቅ ካለ፣ የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የንጉሡ አባት፣ የዓድዋው።

እታለም ከቨርጂኒያ

ዳኒ ወንድሜ፣ እኔም በወጣትነቴ አባቴን እንደዚሁ ጠይቄያቸው ነበር። አልተቆጡም። «እኔ ተመረጥኩ» ነው ያሉኝ። «ተላክሁ» አላሉም። ክቡር ዘበኛ ውስጥ መመረጥ ምን ማለት እንደነበረ እኔና አንተ አይገባን ይሆናል። ደግሞ አባቴ በአምስቱ ዓመት ቤታቸው ሲቃጠል ያዩ ልጅ ነበሩ። ፑሳን ሲገቡ ሕዝቡ ዕቃውን ተሸክሞ መንገድ ዳር ተኝቶ አዩ። «የኛን ሰው መሰለኝ» ይሉ ነበር። ያንተን ጥያቄ አይመልስም፣ አውቃለሁ። እሳቸውን ግን መልሷቸዋል።

ዳኒ 22

ገባኝ። «የኛን ሰው መሰለኝ» የሚለው ቃል ከበደኝ።

ተማሪው በሴኡል

ሰላም፣ እኔ እዚህ ለማስተርስ ነው ያለሁት። «ፓሊ ፓሊ» በኮሪያኛ «ቶሎ ቶሎ» ማለት ነው! በቀን መቶ ጊዜ እሰማዋለሁ። አያትሽ ቃሉን በትክክል ይዘውታል፣ አጠቃቀሙም ትክክል ነው። ያኔ ከሕፃናቱ ሰምተውት ይሆናል ወይ ዕቃ ከሚያመላልሱት ኮሪያውያን።

ባለፈው ቹንቾን ሄጄ ነበር፣ ከሴኡል ሰዓት ተኩል አይሞላም። ወንዙ ዳር የእኛ ዘማቾች መታሰቢያ ሐውልት አለ። በ1968 በፈረንጅ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ኮሪያን ሲጎበኙ ነው የተመረቀው። ፊት ለፊቱ የጎጆ ቤት ቅርጽ ያለው የዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ አለ። አጠገቡ ደግሞ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ፣ እሱም ከዚያው ዓመት ጀምሮ ያለ ነው። አንዲት ኮሪያዊት ቡና ስትቀዳልኝ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ስነግራት ገንዘቡን አልቀበልም አለች። እኔ ምን አደረግሁ? አያትሽ ናቸው የከፈሉት።

ሴኡል የጦርነት መታሰቢያው ውስጥ ደግሞ የሞቱት በየአገራቸው ስማቸው ተቀርጿል። የእኛዎቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። በላቲን ፊደል ስለሆነ አንዳንዱን ስም ጮክ ብዬ ሳነብ ነው የለየሁት። ፑሳን በተባበሩት መንግሥታት መቃብር ባንዲራችን ይውለበለባል፣ የእኛ መቃብር ግን የለም። አስከሬናቸው ወደ አገር ተመልሷል።

ሐረርጌ

ስንት ሰው ሞተብን በትክክል?

መዝገብ ፈላጊ

121 የሚልም 122 የሚልም ሰነድ አለ። የቆሰሉት 536 ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ የተሰለፉት 3,518 ተብሎ ይቆጠራል፣ ከተኩስ አቁሙ በኋላ የሄዱት ሲጨመሩ 6,037። ሁለቱን ቁጥር ሰው እያደባለቀ ነው ክርክር የሚነሣው። ከተኩስ አቁሙ በኋላ ከሄዱት መሐል አንዱ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው።

የየካዋ ልጅ

ትናንት ከሴት አያቴ ጋር ሌሊቱን ስናወራ አደርን። መጻፍ ካልቻልኩ እረሳዋለሁ ብዬ አሁኑኑ ልጻፈው።

አያቴ ከኮሪያ ሲመለሱ የአስር አለቃ ማዕረግ አገኙ። በታኅሣሥ 53ቱ ግርግር ጊዜ ክቡር ዘበኛ ሲበተን፣ እሳቸው ምንም ሳያውቁ ለጥቂት ወራት ታስረው ተፈቱ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ጦር ተመደቡ። ያ አንደኛው ዝምታ ነው ትላለች አያቴ። ሁለተኛው ደርግ ሲመጣ ነው። መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነ። ያኔ «በኮሪያ ተዋጋሁ» ማለት «የዛሬውን ወዳጃችንን ወጋሁ» ማለት ነው። አንድ ጎረቤት ቀበሌ ስብሰባ ላይ «የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ» ብሎ ጠቆመባቸው። ማታውኑ ሜዳዩን በነጠላ ጠቀለሉት። ጤፍ ጎታው ውስጥ ስንት ዓመት ቆየ። ለዚያ ነው ነጠላው ውስጥ የጤፍ ፍሬ ያለው! ሳጥኑን ስንከፍት ከየት መጣ ብለን ነበር።

አያቴ ሌላም ነገረችኝ። በ1981 መስከረም የሴኡል ኦሊምፒክ ሲደረግ ኢትዮጵያ አልሄደችም፣ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወግና ቀረች። አያቴ ሩጫ ይወዱ ነበር፣ ሬዲዮ ሥር ይተኙ ነበር። ያን ሰሞን ሬዲዮውን ዘጉ። ጓሮ ወጥተው ግንቡን ተደግፈው ተቀመጡ። ሴት አያቴ ቡና ይዛ ስትሄድ «ያቺን አገር እኮ እኔ ደሜን ጠብ አድርጌባታለሁ። እንግድነት እንኳን አልጋበዝም?» አሏት። በትዳራቸው ሁሉ ስለ ኮሪያ ያሉት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው።

እታለም ከቨርጂኒያ

ወይኔ አባቴ። የእኛም ቤት እንደዚሁ ነበር። የእኛ በቡና መፍጫው ሥር ነበር የተደበቀው።

ጡረተኛው መቶ አለቃ

ልጄ፣ የዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ፎቷቸውን አቃጥለዋል። አያትሽ አላቃጠሉም። ጎበዝ ሰው ነበሩ።

ሐረርጌ

ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ማን ይሆን? ዘማቾቹ ወላጅ አልባ ሕፃናት ያሳድጉ እንደነበር ሰምቻለሁ። ምናልባት ልጁ በሕይወት ካለ...

ተማሪው በሴኡል

እውነት ነው፣ ዶንግዱቾን ላይ «ቦህዋዎን» የሚባል የሙት ልጆች ማሳደጊያ የእኛ ወታደሮች አቋቁመው ነበር፣ ከደሞዛቸውና ከስንቃቸው እየቀነሱ። ግን እሱ የተቋቋመው በ1953 በፈረንጅ ነው፣ ይሄ ፎቶ በጥር ነው የተነሣው። ስለዚህ የማሳደጊያው ልጅ ነው ብለን እንዳንቸኩል። በየካምፑ አጠገብ ብዙ ሕፃናት ይኖሩ ነበር፣ ዘማቾቹ ጋር ይበሉ ነበር። ለማንኛውም ፎቶውን በጥራት ስካን አድርጊልኝ፣ እዚህ የማሳያቸው ሰዎች አሉ።

መዝገብ ፈላጊ

የየካዋ፣ አሁን ማድረግ ያለብሽን ልንገርሽ። አፍንጮ በር ወደሚገኘው የዘማቾች ማኅበር ሂጂ፣ መታሰቢያው ካለበት። ሜዳዩን፣ ጨርቁን፣ ፎቶውን ይዘሽ። ሙሉ ስማቸውን ከአያታቸው ስም ጋር ጻፊ፣ ማዕረግና የትውልድ ቦታ ጨምሪ። በስልክ አይሆንም። እዚያ ከሚመጡት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጪ፣ ጊዜ ወስደሽ። በሕይወት ያሉት በጣም ጥቂት ናቸው። ሁሉም ከዘጠና በላይ ናቸው። ለሚቀጥለው ወር አታሳድሪው።

የየካዋ ልጅ

እሺ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

የየካዋ ልጅ

ይቅርታ ሁለት ቀን ጠፋሁ። ሄጄ ነበር። ከአያቴ ጋር ነው የሄድነው፣ «ሳልሄድ አልቀርም» ብላ በከዘራ መጣች።

ስማቸውን ሰጠሁ፣ ይፈለግልሻል አሉኝ፣ ገና ነው። ግን በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው ነበር። እሳቸውም የሁለተኛው ቃኘው ናቸው። አያቴን በስም አላወቋቸውም። «ሻለቃ ሙሉ ሰው ነው ልጄ፣ እኔ የማውቀው ምሽጌ ውስጥ የነበረውን ነው» አሉኝ። ከዚያ ፎቶውን ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ደካማ ነው፣ አስጠግተው አዩት። ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት፣ ጥርስ የላቸውም።

እኔ እጃቸውን የዘረጉት የልጁን ቁመት ለማሳየት ወይም ጭንቅላቱን ሊዳብሱ መስሎኝ ነበር። «አይደለም» አሉ። «በረዶውን እየለካ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ሁሉም ለቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። ማንበብ የማይችለው አስጻፈ። «እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ መሬት ላይ ተኝቷል፣ እንሄድበታለን፣ እንተኛበታለን» አሉ። አገር ቤት ደግሞ በረዶ ሲባል የሚታወቀው ጠጠሩ ነው፣ ሰብል የሚመታው። ጠጠር እስከ ጉልበት! ማን ያምናል? መልስ ሲመጣ «ይሄ ልጅ አእምሮውን ነክቶታል፣ ጠበል አስገቡት» የሚል ነበረበት። የሽማግሌው እናት ቄስ ልከው ጸሎት አስደርገዋል። ስለዚህ ወታደሩ ሁሉ ፎቶ ሲነሣ በረዶው ውስጥ ገብቶ እጁን ዘርግቶ ልኩን ማሳየት ጀመረ። እሳቸውም አላቸው። ልጃቸው በስልክ አመጣውና አሳየኝ። ያው ካፖርት፣ ያው አቋቋም፣ ያው እጅ። የእሳቸው ፎቶ አልተበላሸም። ከጉልበት በታች ነጭ ነው።

ሴት አያቴ ፎቶውን ከሽማግሌው እጅ ተቀበለችና ለረጅም ጊዜ ያዘችው። ከዚያ ነገረችን። አያቴ ከኮሪያ ተመልሰው መንዝ ሲገቡ እናታቸው አርፈው ነበር። ፎቶውን ሳያሳይዋቸው። መንደሩ ደግሞ ደብዳቤውን ሰምቷል፣ «አባ በረዶ» ብሎ ስም አውጥቶ ጠብቃቸው። ፎቶውን ለማንም አላሳዩም። «ለእናቴ ነው ያነሣሁት» አሉ አሉ።

በሚቀጥለው ወር ተዝካር ስላለ መንዝ እንሄዳለን። የሽማግሌውን ፎቶ ልጃቸው በትልቁ አሳትሞ ሰጥቶኛል። ከአያቴ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ክፈፍ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ሴት አያቴ ለመንገድ የምትለብሰውን ቀሚስ ከአሁኑ አውጥታ ሰቅላለች።